የተላጠ ጊታር



የዚህ ዲስኩር ጉዳይ አንድ ቁራጭ እንጨት ነው። ውፍረቱ አራት ሳንቲ ሜትር ተኩል ገደማ ነው፤ በአንድ በኩል አንገት ተገጥሞለታል፤ በላዩ ስድስት የብረት ክር ተዘርግቷል። የኤሌክትሪክ ጊታር ገላ ይህ ነው። ከማሲንቆና ከክራር የሚለየው ድፍን በመሆኑ ነው። ማሲንቆ ድምፁን የሚያገኘው ቆዳ ከተወጠረበት ባዶ ሣጥን ነው። የኤሌክትሪክ ጊታር ግን ከክሮቹ ሥር ፒካፕ የሚባል ነገር አለው፤ ማግኔትና በማግኔቱ ዙሪያ በሺዎች የሚቆጠር ጊዜ የተጠመጠመ ቀጭን የመዳብ ሽቦ ነው። ክሩ ሲነዝር ሽቦው ውስጥ ደካማ ኤሌክትሪክ ይፈጠራል፤ ማጉያው ያንን ያጎላዋል። እንግዲህ ቀለሙ የተላጠ ጊታር መልኩ ተጎዳ እንጂ ድምፁ አልጠፋም።

ለጀማሪ እጅ ይህ ትልቅ ዕድል ነው። የማሲንቆውን ቆዳ ያበላሸ ሰው ድምፁንም አብሮ ያበላሻል። የጊታሩን ገላ አሳምራለሁ ብሎ ያዥጎረጎረ ሰው ግን ሽቦዎቹንና አንገቱን ለብቻ አስቀምጦ ከሆነ፣ ፍቆ እንደገና መጀመር ይችላል። ስሕተት ርካሽ የሆነበት ሙያ ብዙ የለም። (የሚጠሩት ዓመታት፣ «ዓ.ም.» ካልተባለ በቀር፣ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ጊታር ለኢትዮጵያ ጆሮ እንግዳ አይደለም። ማሕሙድ አሕመድ በ1975 «እሬ መላ መላ»ን ሲያስቀርጽ ያጀበው አይቤክስ ባንድ ነበር፤ በባንዱ ጊታሩን የያዘው ሰላም ስዩም ወልደማርያም ነው። አይቤክስ ኋላ ሮሃ ባንድ ሆኖ፣ በካሴት ዘመን በየሻይ ቤቱና በየአውቶቡሱ የተሰማውን እጅግ ብዙ ዘፈን አጅቧል። ከዚያ ወዲህ ክራሩ ራሱ ሽቦ ገብቶለታል፤ መሰለ አስማማው በኤሌክትሪክ ክራር ከስካንዲኔቪያ የጃዝ ተጫዋቾች ጋር ሳይቀር ተጫውቷል። ጊታር ይዞ መድረክ የሚወጣ ወጣት በየከተማው አለ። ጊታሩ ግን ብዙውን ጊዜ ከእጅ ወደ እጅ የዞረ ነው፤ ጠርዙ ተነካክቷል፣ ቀበቶ የሚነካው ጀርባው ተፍቋል፣ ቀለሙ ደብዝዟል። «ለምን አዲስ ቀለም አልቀባውም?» የሚለው ሐሳብ የሚመጣው ያኔ ነው።

ሐሳቡ ክፉ አይደለም። አሠራሩ ግን ሰውን ያታልላል። የቀለም ሥራ ተደራራቢ ነው፤ እንጨት፣ መሙያ፣ ማሸጊያ፣ ቀለም፣ ቫርኒሽ። በእንጨቱ ላይ የተሠራ ስሕተት በእንጨቱ ላይ አይታይም፤ ሦስት ደርብ አልፎ ቫርኒሹ ሲያበራ ብቅ ይላል። ጀማሪው የሚያየው ቫርኒሹ ላይ ስለሆነ ቫርኒሹን ይወቅሳል፤ ሌላ ቫርኒሽ ይደርብበታል፤ ነገሩ ይብስበታል። የዚህ ዲስኩር ክርክር አንድ ብቻ ነው፤ ምልክቱ ከታየበት ደርብ ወርዶ ምክንያቱ ያለበትን ደርብ የማያገኝ ሰው ከስሕተቱ አይማርም፤ ስሕተቱን ይቀባዋል እንጂ።

ዝነኞችም ተቀጥተውበታል። የቢትልስ ባንድ ጊታር ተጫዋች ጆርጅ ሃሪሰን በ1967 ሰማያዊ የነበረውን፣ ስትራቶካስተር የሚባለውን የኤሌክትሪክ ጊታሩን በሚያንጸባርቅ ደማቅ ቀለም በእጁ ሥሎ፣ የአንገቱን ጫፍ በባለቤቱ በፓቲ ቦይድ አረንጓዴ የጥፍር ቀለም አስጊጦታል። ጊታሩ በቴሌቪዥን ታይቶ ታሪካዊ ሆነ። ሃሪሰን ራሱ ኋላ እንደተናገረው ግን ቀለሙ ወዲያው መላላጥ ጀመረ። የፋብሪካው ቀለም ለስላሳና የሚያብረቀርቅ ነው፤ በላዩ የሚመጣው አዲስ ቀለም የሚጨብጠው ሸካራ ነገር ካላገኘ ቆዳ ሆኖ ይቀመጣል እንጂ አይጣበቅም። በቁጥር 320 ወይም 400 የብርጭቆ ወረቀት ማብረቅረቁን አጥፍቶ፣ አቧራውን ጠርጎ መቀባት የግማሽ ሰዓት ሥራ ነው። ብዙ ሰው የሚዘለው ግን ይኸንኑ ነው፤ ምክንያቱም የሚያምር ነገር አይታይበትም።

ቀለሙን ጨርሶ ማውለቅ የሚፈልግ ሰው ደግሞ በመጀመሪያ የሚያወልቀው ምን እንደሆነ ማወቅ አለበት። የጊታር ቀለም ታሪክ የመኪና ቀለም ታሪክ ነው። ዱፖንት የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ ዱኮ የሚል ስም የሰጠውን ቀለም በ1923 ገበያ ላይ አዋለ፤ ናይትሮሴሉሎስ ከሚባል ከጥጥ ከሚገኝ ነገር የተሠራ፣ በሰዓታት የሚደርቅ ነበር። ከዚያ በፊት የአንድ መኪና ቀለም እስኪደርቅ ሳምንታት ይጠበቅ ነበር። ሊዮ ፌንደር በ1950 ድፍን ጊታሮቹን በብዛት ማምረት ሲጀምር፣ በ1954ም ስትራቶካስተርን ሲያወጣ፣ ይህንኑ ዓይነት ቀለም ተጠቀመ። ኋላ ደንበኛ የሚመርጣቸው ልዩ ቀለሞች ሲመጡ ከመኪና ገበታ ተወሰዱ፤ ፊየስታ ሬድ የሚባለው ቀይ የፎርድ ተንደርበርድ ቀለም ነው፤ ሌክ ፕላሲድ ብሉ ደግሞ የካዲላክ። ከ1960ዎቹ ማብቂያ ጀምሮ ፋብሪካዎቹ ወደ ፖሊዩሬቴንና ፖሊዬስተር ዞሩ፤ እነዚህ ወፍራምና ጠንካራ ናቸው፣ ከእንጨት ላይ ሲነሡም እንደ ፕላስቲክ ቅርፊት በስብርባሪ ነው።

ልዩነቱ ለሥራው ወሳኝ ነው። ናይትሮሴሉሎስ፣ በአጭሩ ናይትሮ፣ ቀለም በሚያቀጥነው ፈሳሽ በቲነር ይለሰልሳል፤ ፖሊዬስተር በቲነር ቢታጠብ ንክች አይልም። በማይታይ ቦታ፣ ለምሳሌ ከአንገቱ መገጣጠሚያ ውስጥ፣ በቲነር የተነከረ ጥጥ አስነክቶ ማየት አንድ ደቂቃ አይፈጅም። ይህን ያላደረገ ሰው ግማሽ ቀን ሙሉ ፖሊዬስተር በቲነር ሲያሽ ይውላል፤ ከዚያ ተናዶ ቢላዋ ያነሣል። ቢላዋው እንጨቱን ይቦጫጭራል፤ ቡጭሩ ኋላ በቫርኒሹ ውስጥ እንደ ጸጉር መስመር ይታያል።

ሁለተኛው መንገድ ሙቀት ነው። ትኩስ አየር የሚተፋ መሣሪያ ወፍራሙን ቀለም ያላላዋል፤ ሰፋ ባለ ስፓቱላ ከሥሩ ይገፋል። እዚህ ላይ የሚሠራው ስሕተት መሣሪያውን አንድ ቦታ ላይ ማቆም ነው። እንጨቱ ይጠቁራል፤ ጥቁረቱም ወደ ውስጥ ስለሚዘልቅ በብርጭቆ ወረቀት ቶሎ አይወጣም። በግልጽ ቫርኒሽ ሊጨርሰው ያሰበ ሰው ያኔ ሐሳቡን ይለውጣል፤ ጊታሩ ጥቁር ይቀባል። ብዙ ጥቁር ጊታር ጥቁር የሆነው በምርጫ ሳይሆን እንዲህ ባለ ምክንያት ሳይሆን አይቀርም።

ሦስተኛው ኬሚካል ነው፤ እዚህ ላይ ቀልድ የለም። ሜቲሊን ክሎራይድ ያለበት የቀለም ማላቀቂያ በተዘጋ ክፍል ውስጥ ሰው ገድሏል፤ አሜሪካ በ2019 ለተራ ሸማች እንዳይሸጥ ያገደችው በዚህ ነው። የድሮ ቀለምም እርሳስ ሊኖርበት ይችላል። ኢትዮጵያ በ2010 ዓ.ም. ባወጣችው ደንብ በቀለም ውስጥ ያለው እርሳስ ከሚሊዮን 90 እጅ እንዳይበልጥ ወስናለች፤ ከዚያ በፊት የተቀባ ነገር ግን በደንቡ አይታጠብም። ምን እንደሆነ የማይታወቅ አሮጌ ቀለም በደረቁ አይፋቅም፤ በውኃ ርሶ ይፋቃል፣ አፍና አፍንጫ ይሸፈናል፣ ሕፃናት ከሚጫወቱበት ግቢም ይራቃል።

ቀለሙ ወረደ እንበል። አሁን ብርጭቆ ወረቀት ነው፤ ብርጭቆ ወረቀት ደግሞ ትዕግሥት ነው። ከ120 ወደ 180፣ ከ180 ወደ 220 ይኬዳል። ከ120 ወደ 220 የዘለለ ሰው የ120ውን ጭረት አያጠፋውም፤ ያለዝበዋል ብቻ። ጭረቱ በደረቅ እንጨት ላይ አይታይም። ቀለም ሲጠጣ ግን ጠቁሮ ይወጣል። ዘዴው ቀላል ነው፤ ከእያንዳንዱ ቁጥር በኋላ እንጨቱን በእርጥብ ጨርቅ አብሶ በጎን በሚመጣ ብርሃን ማየት። ውኃው ጭረቱን ያሳያል፤ የተኛውንም የእንጨት ጸጉር ያስነሣል፤ ሲደርቅ በቀላሉ ይፋቃል። ወረቀቱን በጣት ይዞ የሚፈገፍግ ሰው ደግሞ ሳያውቀው ጠፍጣፋውን ጎድጓዳ፣ ጠርዙንም ክብ ያደርገዋል። በጠፍጣፋ እንጨት ላይ የተጠቀለለ ወረቀት ያንን ይከለክላል። የሚፈገፈገው በእንጨቱ መስመር አቅጣጫ ነው፤ ተሻግሮ የሄደ ፍግፈጋ ያስቀረው ጭረት ቶሎ አይለቅም።

ይህ እውቀት ዲስኩሩ ለሚነገርበት ለደብረ ወርቅ አገር አዲስ ሊመስል አይገባም። በጎጃም ገዳማትና አድባራት ብራና ሲፋቅ ኖሯል። የፍየሉ ቆዳ ይዘፈዘፋል፣ በእንጨት መወጠሪያ ይወጠራል፣ ሥጋውና ስቡ በስለት ይፋቃል፣ ጸጉሩ ይነሣል፣ እስኪለሰልስ ይታሻል። ስብ የቀረበት ብራና ቀለም አይቀበልም፤ ቀለሙ ይሸሻል። ጸሐፊው ፊደል ሲሳሳትም አይሰርዝም፤ በስለት ፍቆ ያነሣዋል፣ ቦታውን አለስልሶ እንደገና ይጽፍበታል። ጠለቅ አድርጎ የፋቀ ቆዳውን ያሳሳል፤ ከላይ ከላይ የፋቀ ደግሞ ቀለሙን በደንብ አያነሣም። የጊታር አዳሹ ችግር ይኸው ነው፣ ቆዳው እንጨት ሆኖበት እንጂ።

እንጨቱስ? ፌንደር በመጀመሪያ አሽ የሚባል እንጨት ይጠቀም ነበር፤ ከ1956 ገደማ ጀምሮ አብዛኛው ገላ አልደር ሆነ። የቀለም ሥራ ላይ ልዩነታቸው ትልቅ ነው። አሽ ቀዳዳው ሰፊ ነው፤ መሙያ ካልተሞላ ቫርኒሹ ወደ ቀዳዳው ይሰምጣል፣ ገላው ለስልሶ የነበረው ከሳምንታት በኋላ ጥቃቅን ጉድጓድ ያወጣል። አልደር ጥቅጥቅ ያለ ስለሆነ ያን ያህል አይለፋበትም። አገር ውስጥ ጊታር ልሥራ የሚል ሰው በመጀመሪያ የሚያስበው ዋንዛን ነው፤ ቀላል ነው፣ በቀላሉ ይፈለፈላል፣ ከበሮም የሚፈለፈለው ከእርሱ ነው። ዋንዛ ቀዳዳ ያለው እንጨት ስለሆነ መሙያ ይፈልጋል። የቤት ዕቃ ሠሪዎች የሚጠቀሙበት ስቱኮ እዚህ ላይ ይሠራል፤ ስቱኮው ግን ቀለም አይጠጣም። በግልጽ ቫርኒሽ የሚጨረስ ገላ ላይ የተለጠፈ ነጭ ስቱኮ እድሜ ልክ ነጭ ሆኖ ይታያል። ለዚህ ቀለም ያለው መሙያ ወይም ከዚያው እንጨት በተፈገፈገ ዱቄትና በጎማላካ የተሠራ ድፍድፍ ይሻላል። የኮላ ጠብታም እንዲሁ ነው። ገላው ከሁለት ቁራጭ ሲጣበቅ በጣት የተዳበሰ ኮላ ሲደርቅ አይታይም፤ ማቅለሚያ ሲነካው ግን ያ ቦታ አይጠጣም፤ የጣት አሻራ እስከነመስመሩ ይወጣል።

ዘይት የሚመርጥ ሰው አለ። የተልባ ዘይት ጥሩ ምርጫ ነው፤ ከአየር ኦክስጅን እየሳበ ስለሚጠነክር በእንጨቱ ውስጥ ይደርቃል። ችግሩ ሰው ሁሉንም ዘይት አንድ አድርጎ ማየቱ ነው። የገበያ የፓልም ዘይት አይደርቅም። እንጨቱ ላይ ተቀብቶ ለዘለዓለም እንደ ሊጥ እጅ ላይ ይጣበቃል፤ ሌላ ቀለምም አይቀበልም። በተልባ ዘይት ላይ ደግሞ ሌላ አደጋ አለ። ዘይቱ የነካው ጨርቅ ተጨብጦ ጥግ ላይ ከተጣለ ሲደርቅ ሙቀት ያወጣል፤ ሙቀቱ መውጫ ካጣ ጨርቁ ማንም ሳይለኩሰው ይነዳል። ጨርቁ በገመድ ላይ ተዘርግቶ ይደርቃል፣ ወይም በውኃ ርሶ ይጣላል።

ወደ ርጭቱ እንምጣ፤ አብዛኛው ስሕተት የሚሠራው እዚያ ነው፣ አብዛኛውም ከአየር ጋር የተያያዘ ነው።

ደብረ ወርቅና ጎረቤቶቿ ብቸናና ሞጣ ደጋ ላይ ናቸው፤ ከባሕር ጠለል ከ2,000 ሜትር በላይ። ክረምቱ ከሰኔ እስከ መስከረም ይዘንባል፣ ጉሙም ይወርዳል። በነሐሴ ናይትሮ የሚረጭ ሰው የሚያየው ነገር አስቀድሞ ይታወቃል። ከቀለሙ ጋር የተቀላቀለው ቲነር ሲተን ሙቀት ይወስዳል፤ የተረጨው ገጽ ከአየሩ በታች ይቀዘቅዛል፤ በእርጥቡ አየር ውስጥ ያለው ውኃ በቀዝቃዛው ገጽ ላይ ጤዛ ሆኖ ያርፋል፣ ቀለሙ ውስጥም ይታሰራል። ገላው ወተት የፈሰሰበት ይመስላል። ጀማሪው ቀለሙ የተበላሸ መስሎት ሻጩን ይረግማል። ነገሩ የሚፈታው ዝግ ብሎ የሚተን ቲነር በመቀላቀል፣ ወይም ደረቅ ቀን በመጠበቅ ነው። ነጭ የሆነው ደርብም ብዙውን ጊዜ በደረቅ ቀን ጥቂት ቲነር በስሱ ሲረጭበት እንደገና ይከፈታል፤ ውኃው ያመልጣል፣ ገጹ ይጠራል። መፋቅ አያስፈልግም። ይህን የማያውቅ ሰው ስንቱን ደህና ሥራ ፍቆ ጥሏል!

በጋው የራሱ ጣጣ አለው። የጥር ፀሐይ ላይ የተሰቀለ ገላ ከላይ ቶሎ ይደርቃል፤ ከሥሩ ያለው ቲነር መውጫ አጥቶ ይፈላል፤ ትናንሽ አረፋዎች ይቀራሉ። ምክንያቱ ሙቀት ብቻም አይደለም፤ አንዱ ደርብ ሳይደርቅ ሌላውን መደረብም እንዲሁ ያደርጋል። ወፍራም ደርብ ሥራ ያፋጥናል ብሎ የሚያስብ ሰው ቀለሙ እንደ እንባ ሲወርድበት ያየዋል። እዚህ ላይ ሁለተኛ ስሕተት ይከተላል፤ የወረደውን ቀለም እርጥብ ሳለ በጣት መጥረግ። ሳይነካ መተው ይሻላል። ደርቆ ሲጠነክር በወረቀት ይፈገፈጋል፤ ጠፍቶ ይቀራል።

«የዓሣ ዓይን» የሚባለው ደግሞ እልህ ያስጨርሳል። ገላው ላይ ክብ ክብ ጉድጓድ ይከፈታል፣ ቀለሙ ከመሐሉ ይሸሻል። የሚመጣው ከቅባት ነው፤ ዋና ጠላቱም ሲሊኮን ነው። የመኪና ማብረቅረቂያና አንዳንድ የቤት ዕቃ መወልወያ ሲሊኮን አላቸው። ጊታሩን ለዓመታት በእንደዚህ ያለ ነገር ሲወለውል የኖረ ሰው ቅባቱን ወደ እንጨቱ ስንጥቆች አስገብቶታል። በብርጭቆ ወረቀት መፈግፈግ ሲሊኮኑን ያዳርሰዋል እንጂ አያስወግደውም። መጀመሪያ በንጹሕ ጨርቅና በቅባት አጥሪ ፈሳሽ ማጠብ፣ ጨርቁን ቶሎ ቶሎ መቀየር፣ ከዚያ በኋላ ብቻ መፈግፈግ። ጸጉሩን ቅባት የተቀባ ሰው የጊታሩን ገላ በባዶ እጁ ቢይዘውም ያው ነው።

የማይስማሙ ቀለሞችም አሉ። በተራው የብረት በር ቀለም፣ ማለትም በኢናሜል ላይ ናይትሮ ሲረጭ፣ የናይትሮው ኃይለኛ ቲነር የሥሩን ቀለም ያቃጥለዋል፤ ገጹ እንደ አሮጌ ቆዳ ይጨማደዳል። ጭምደዳው በደቂቃ ይመጣል፤ ለመመለስ ግን እስከ እንጨቱ መውረድ ግድ ነው።

አንድ ስሕተት ደግሞ ከቀለም በላይ ጊታሩን ይገድለዋል። አንገቱ የሚገባበት ጎድጓዳ ሥፍራ በልክ የተቆረጠ ነው። ፕላስተር ሳይለጠፍበት ከተረጨ፣ አምስትና ስድስት ደርብ ቀለም ግድግዳውን ያወፍረዋል። አንገቱ አልገባ ሲል ተገፍቶ ይገባል። ቀለሙ ይሰነጠቃል፤ አንዳንዴም ከጥጉ እንጨቱ ራሱ ይፈነጥቃል። ይህ ሁሉ የሚድነው በአንድ ጥቅል የወረቀት ፕላስተር ነው።

ቀለሙ የጊታሩን ድምፅ ይለውጣል የሚል ክርክር ከዚህ ሥራ ጋር ሁሌም ይነሣል። በ1968 የቢትልሶቹ ጆን ሌነንና ጆርጅ ሃሪሰን የኤፒፎን ካዚኖ ጊታሮቻቸውን ቫርኒሽ ፈቅፍቀው አነሡ፤ ሃሪሰንም እንጨቱ ተንፍሶ ድምፁ እንደተሻሻለ አመነ። ካዚኖ ውስጡ ባዶ ስለሆነ፣ ጥቂት ክብደት መቀነሱ የላይኛውን ስስ እንጨት በተወሰነ ደረጃ ቢያነቃው አይገርምም። ድፍኑ ስትራቶካስተር ላይ ግን ይህ ክርክር ይሳሳል። የድሮ ናይትሮ እንጨቱን ያስተነፍሳል የሚሉ ሰዎች ፌንደር ከ1960ዎቹ መጀመሪያ ጀምሮ ከናይትሮው ሥር ፉለርፕላስት የሚባል ጠንካራ ማሸጊያ ይቀባ እንደነበር ይዘነጉታል። ጊታር አዳሽ ቀለም የሚቀባው ለዓይንና ለእጅ ነው። ድምፅ የፈለገ ሰው ገንዘቡን ፒካፕ ላይ ቢያውለው ይሻለዋል።

ስለ ፒካፕ ከተነሣ የሮክ ጊታር ተጫዋቹ ኤዲ ቫን ሄለን አይዘለልም። በ1970ዎቹ አጋማሽ ጉድለት ያለበትን የጊታር ገላ በ50 ዶላር ገዛ። በብስክሌት ቀለም ጥቁር ቀባው፣ ፕላስተር እንደፈለገው ለጣጥፎ ነጭ ረጨበት፣ ፕላስተሩን ሲያነሣ ጥቁር መስመር ቀረ፤ በ1979 እንደገና ለጣጥፎ ቀይ ደረበበት። ፒካፑ በከፍተኛ ድምፅ እያፏጨ ሲያስቸግረው በቀለጠ ፓራፊን ሰም ውስጥ ነከረው። ሰሙ ከልክ በላይ እየጋለ ጥቂት ፒካፖች ቀልጠውበታል። መምረጫውን ማብሪያ እንዴት እንደሚያገናኝ ስላላወቀም አንዱን ፒካፕ በቀጥታ ከድምፅ መቆጣጠሪያው ጋር አገናኘው። ያ ጊታር በ2019 በኒው ዮርክ ሜትሮፖሊታን ሙዚየም ለእይታ ቀርቧል። ታሪኩ ሲነገር ስሕተቱ ሁሉ የታሰበ ይመስላል፤ ልብ ሊባል የሚገባው ግን ቀልጠው የተጣሉት ፒካፖች ናቸው። የሙቀቱን መጠን የተማረው ከእነርሱ ነው።

የኩዊን ባንድ ጊታር ተጫዋች ብሪያን ሜይ ሌላ ጠባይ አለው፤ ለዚህ ዲስኩር እርሱ ይበልጥ ይጠቅማል። በ1963 ከአባቱ ጋር ሆኖ ጊታር መሥራት ጀመረ፤ መግዛት ስላልቻለ። አንገቱ ከአሮጌ የምድጃ ክፈፍ የወጣ ማሆጋኒ ነው፤ ነቀዝ የበሳበትን ቀዳዳ በክብሪት እንጨት ደፈነው። ፒካፖቹን ራሱ ጠመጠመ። ክሩን ወደ ጎን ሲስበው ደስ የማይል የሻከረ ድምፅ ያወጡ ነበር፤ ምክንያቱን ወደ ማግኔቶቹ አቀማመጥ ወርዶ አገኘው። ተሸነፈና በርንስ ከሚባል ኩባንያ ሦስት ፒካፕ ገዛ። የተገዙትንም እንዳሉ አልተዋቸውም፤ እንዳያፏጩ በሙጫ ሞላቸው። በ1998 ይህ ጊታር ለጥገና ለአውስትራሊያዊው ግሬግ ፍራየር ተሰጠ። ፍራየር ዋናውን ከመንካቱ በፊት ሦስት ቅጂ ሠርቶ ነበር። በቅጂው ላይ የተሳሳተ ሰው ዋናው ላይ አይሳሳትም ማለት አይደለም፤ ቢያንስ ያንኑ ስሕተት ግን አይደግምም።

ቅጂ መሥራት ለማይችል ሰው የሙከራ ጣውላ አለ። ከዚያው እንጨት የተረፈ ቁራጭ ተወስዶ ገላው የሚያልፍበትን ሁሉ ቀድሞ ያልፋል፤ ብርጭቆ ወረቀቱን፣ መሙያውን፣ ማሸጊያውን፣ ቀለሙን፣ ቫርኒሹን። ከጀርባው ቀኑ፣ የአየሩ ሁኔታ፣ ቲነሩ ምን ያህል እንደተጨመረ በእርሳስ ይጻፋል። የቅኔ ትምህርትም እንዲሁ በደረጃ ነው። ደራሲው ሐዲስ ዓለማየሁ በልጅነታቸው በደብረ ኤልያስ፣ እዚሁ በደብረ ወርቅና በዲማ ተምረዋል፤ በዚያ ዓይነቱ የቅኔ ጉባኤ ተማሪ ከአጭሩ ቅኔ ከጉባኤ ቃና ጀምሮ ወደ ዘአምላኪየ፣ ከዚያም ወደ ሚበዝኁ እያለ ይወጣል። ያዘጋጀውንም ለመምህሩ ይነግራል፣ መምህሩም የተሰበረበትን ቦታ ያሳዩታል። ጉባኤ ቃናው ሳይቃና ረጅሙ ቅኔ መወድስ የለም። ጊታር አዳሹ መምህር ከሌለው ጣውላው መምህር ይሁነው።

ሥራው አልቋል ሲባልም አላለቀም። ናይትሮ ሲነካ ቢደርቅም ውስጡ ለሳምንታት እየጠነከረ ይቆያል፤ ሽታው ሳይጠፋ ማብረቅረቅ የጀመረ ሰው ኋላ ገጹ ይሰምጥበታል። ሲያብረቀርቅ ደግሞ ጠርዝ ላይ ቀለሙ ቶሎ ይሳሳል፤ ስለዚህ ጠርዙ መጨረሻ ላይ፣ በትንሹ፣ በእጅ ይነካል። የታደሰውን ጊታር በጎማ ማስደገፊያ ላይ ማቆምም አይገባም። አንዳንድ ጎማ ናይትሮን ያቀልጠዋል፣ ማስደገፊያው የነካበት ላይ ጠባሳ ይቀራል።

ሳይታደስ የቀረም አለ። የአየርላንዱ ጊታር ተጫዋች ሮሪ ጋላገር በ1963 በኮርክ ከተማ በ100 ፓውንድ የገዛው የ1961 ስትራቶካስተር ቀለሙ ሙልጭ ብሎ አልቋል። አንድ ጊዜ ተሰርቆ ዝናብ ሲመታው ሰንብቶ ነበር የተገኘው፤ የተረፈውን ደግሞ የተጫዋቹ ላብ በላው ይባላል። ጋላገር አልቀባውም። ያ ጊታር በ2024 ለንደን ውስጥ በጨረታ ከ700 ሺህ ፓውንድ በላይ ወጥቶለት ወደ አየርላንድ ብሔራዊ ሙዚየም ገብቷል። ይህ በየቤቱ ያለ የተላጠ ጊታር ሁሉ ይተው ማለት አይደለም፤ ዋጋው የሰውየው እንጂ የመላጡ አይደለም። የድሮ ዋጋ ያለው ጊታር ግን ከመፋቁ በፊት ለሚያውቅ ሰው ቢታይ ይበጃል። የመጀመሪያው ቀለም ከወረደ ገበያው ላይ ዋጋውን ይዞ ይወርዳል።

ፋብሪካም ይሳሳታል። ፌንደር በ1958 ከመሐል ቢጫ፣ ከጠርዝ ጥቁር የነበረውን ገላ በመካከል ቀይ ጨምሮበት ባለ ሦስት ቀለም አደረገው። ቀዩ ብርሃን አይችልም ነበር። ሱቅ መስኮት ላይ የተሰቀሉት ጊታሮች ቀያቸው እየጠፋ ሄዶ እንደገና ባለ ሁለት ቀለም ሆኑ። በ1960 ገደማ ኩባንያው የተሻለ ቀይ አገኘ፤ ከዚያ በፊት የተሸጡት ግን እንደደበዘዙ ቀሩ። ይህን መሞከር ማንም ይችላል። የሙከራ ጣውላውን ግማሹን በካርቶን ሸፍኖ ፀሐይ በሚገባበት መስኮት ላይ ከመስከረም እስከ ጥር ማስቀመጥ ነው። ካርቶኑ ሲነሣ ሁለቱ ግማሾች አንድ ዓይነት ከሆኑ ቀዩ ለጊታሩ ይሆናል፤ ካልሆኑ ሌላ ቀይ ይፈለጋል።